የአውራ በጉ እናት

ጡቶቼን በወንድሜ አንድ ብልቃጥ ደም ልለውጥ ተደራድሬ ነበር። ድርድሩ አልሆነም። እንዴት እንዳልሆነ ልጻፈው፤ መናገሩ ሰልችቶኛል፣ የሚጠይቀኝ ሰው ደግሞ አላለቀም።

ስሜ ሄርዲስ ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ትምህርት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው ያቆምኩት፤ አባቴ ዳሌው ተሰብሮ በጎቹን የሚያበላ ሰው ስለጠፋ። ወንድሜ ጋውቲ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ሚስቱ ሁለቱን ሴት ልጆቹን ይዛ ዴንማርክ ከገባች ወዲህ እርሻው ላይ ሁለታችን ብቻ ነን። የሚያልፍ የሚያገድም መንገደኛ ባልና ሚስት እንመስለዋለን። ባልና ሚስት ብንሆን ኖሮ ድሮ ተፋተን ነበር።

ሐኪሟ ፍሬይዲስ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ አይዘልም። በነሐሴ መጀመሪያ ዋና ከተማው ሬይካቪክ ድረስ አምስት ሰዓት ነድቼ ፊቷ ተቀመጥኩ። የጡት ካንሰር የሚያመጣ ጂን እንዳለብኝ ከታወቀ ወዲህ በየስድስት ወሩ ነው የምሄደው። አንዴ የጡት ራጅ፣ አንዴ ደግሞ ያ የሚያንቋቋው ቱቦ ውስጥ በደረት መተኛት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም የለም እያሉ ይመልሱኝ ነበር። መመላለሱ ራሱ በሽታ ሆኖብኛል። የመጨረሻው ጊዜ ግን ግራ ጡቴ ላይ አንድ ነገር አይተው፣ መርፌ ሰክተው ቅንጣት ሥጋ ወስደው ነበር።

“ካንሰር አይደለም” አለችኝ። “ወደ ካንሰር የሚወስደውን መንገድ ግን ጀምሯል።”

“መንገድ ጀምሯል ማለት ምንድን ነው? ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም።”

ወረቀት ስባ ሁለት መስመር አሰመረች። “ይሄ የወተት ቧንቧ ነው በይ። ሴሎቹ በግድግዳው ላይ ረድፋቸውን ይዘው ነው መደርደር ያለባቸው። አንቺ ጋ ተደራርበዋል። መልካቸውም ተለውጧል። ከግድግዳው ግን አልወጡም።”

“አጥር አልዘለሉም።”

“አዎ፣ አልዘለሉም።”

“እኔ አጥር ያልዘለለ በግ አላርድም።”

አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና “ሄርዲስ፣ ይሄ ጂን ያለባት ሴት አጥሯ ደካማ ነው። ከአሥር ሴት ስድስት ሰባቷን ካንሰር ይይዛታል። አንቺ ላይ ደግሞ ለውጡ ተጀምሯል። ሁለቱንም ጡትሽን ብናነሳው ነው የምመክርሽ። ላስገድድሽ አልችልም። ክትትሉን መቀጠልም ትችያለሽ” አለች።

“ቀኙ ምን አጠፋ?”

“ቀኙ ላይ ያየነው ነገር የለም። ጂኑ ግን እዚያም አለ።”

መቼ አልኳት። በመስከረም መጀመሪያ ቦታ አለ አለች። በግ ከተራራ የምናወርድበት ሳምንት ነው አልኳት። የከተማ ልጅ ናት፣ ሳምንቱን እንደ ማንኛውም ሳምንት ነው ያየችው። አስቢበትና ደውይልኝ ብላ ሸኘችኝ።

ለምን ወዲያው እሺ እንዳላልኩ ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት አራት መቶ አሥር በጎቻችን ባንድ ቀን ታርደዋል። የታመሙት ሦስት ነበሩ። ሪዳ የሚባለው ነው፣ አንጎል የሚበላው፣ በጓን እያሳከከ እያንቀጠቀጠ የሚገድላት። ሕጉ አንዷ ላይ ከተገኘ መንጋው በሙሉ ይውጣ ይላል። አራት መቶ ሰባት ጤነኛ በግ በእጄ እየያዝኩ ለመኪናው አስረክቤያለሁ። ከዚያ ጋጣውን ነቅለን አቃጠልን፣ አፈሩን ፍቀን ጣልን፣ ሁለት ዓመት ባዶ ሜዳ እያየን ኖርን። አሁን ከምዕራብ ያመጣናቸው በጎች በሽታውን የሚከላከል ጂን ያላቸው ናቸው። ስለ ጂን ማንም አያስተምረኝም። ጤነኛ ነገር ለጥንቃቄ ሲባል ሲወገድ አይቻለሁ። ልክ እንደነበሩ ዛሬ አውቃለሁ። ልክ መሆናቸው ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም።

ጂኑ እኔ ላይ እንዴት እንደተገኘ ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ ሰማንያ ስድስት ዓመት ኖራ ሁለት ጤነኛ ጡት ይዛ ነው የተቀበረችው። እናቷም እንዲሁ። የበግ ሰው ነኝና የእናት ጡት ደህና ከሆነ የልጇም ደህና ነው ብዬ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ አንድ ቀን ራጅ አልተነሳሁም። ጥሪው በየሁለት ዓመቱ በፖስታ ይመጣል፤ እሳት ማያያዣ አደርገው ነበር።

አውራ በግ ስንገዛ ግን መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? የእናቱ ጡት እንዴት ነው ብለን ነው። ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የጡቱን ነገር አውራውም ይዞት ይመጣል፤ ራሱ ላይ አይታይም እንጂ ልጆቹ ላይ ይወጣል። ይህን እያወቅኩ የአባቴ እናት በምን ሞተች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። በአርባ ሦስት ዓመቷ ደረቷን አሟት ሞተች ይባላል። ደረት ሲባል ሳንባ መስሎኝ ኖርኩ። አባቴ እህት አልነበረውም፣ ብቸኛ ወንድሙም ባሕር በልቶት ቀርቷል። ስለዚህ የሚታይበት ሴት ገላ አልነበረም። በመጨረሻ በምሥራቅ ያለች የአባቴ የአክስት ልጅ ልጅ ታመመችና ለዘመድ ሁሉ ደብዳቤ ደረሰ። እኔ ደም የሰጠሁት ልከራከራቸው ነበር። ተሸነፍኩ።

ያኔ ሆስፒታሉ ለወንድሜና ለልጆቹ የሚሰጥ ደብዳቤ ጨምሮ ላከልኝ። ለጋውቲ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበ፣ አጠፈ፣ “እነግራቸዋለሁ” አለ። ትልቋ አርና ሃያ ዘጠኝ፣ ትንሿ ሎዋ ሃያ አራት ናቸው። እሱ ደም ሰጥቶ ጂኑ ከሌለበት ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ካለበት ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት ዓመት አለፈ። አልሰጠም። አልነገራቸውምም።

እኔ ለምን አልደወልኩላቸውም? ሁለቴ ስልኩን አንስቻለሁ። ልጆቹ የሱ ናቸው፤ አፉም የሱ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። ደግሞ ከሱ አፍ ማውጣት ፈልጌ ነበር፤ ግትር ነኝ።

ከሬይካቪክ የተመለስኩ ቀን ዓሣ ቀቅሎ ድንቹን በቅቤ እያላቆጠ ጠበቀኝ።

“ምን አሉሽ?”

“ይቆረጥ አሉኝ።”

“የቱ?”

“ሁለቱም።”

ሹካውን አስቀመጠ። “መቼ?”

“በጎቹን በምናወርድበት ሳምንት።”

“እንግዲህ ሂጂያ።”

“እንግዲህ ሂጂያ? ጥርስ የማስነቅል መሰለህ?”

“አንቺ ሴትዮ፣ የአገሩ ባንኮች ከከሰሩ ወዲህ ማን አይቷቸው ያውቃል? ለማን ነው የምትቆጥቢያቸው?”

“የወተት መኪናው ሹፌር አለ።”

“እሱ ከባንኮቹ በፊት ነው።”

ሳቅኩ። እሱም ሊስቅ ነበር፣ ግን ፊቱ ከዓሣው ነጣ ብሎ ነበር። ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። ሰውዬው ፈርቶልኛል። ይህን ፍርሃት ልጠቀምበት ብዬ አሰብኩ።

“እሄዳለሁ” አልኩት። “አንተ ደም ከሰጠህ እሄዳለሁ። ካልሰጠህ አልሄድም።”

“ምን አገናኘው?”

“እኔ ሁለት ጡት፣ አንተ አንድ ብልቃጥ። የተጎዳሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ምን ትሆናለህ?”

“ጡት የለኝም እኮ!”

“አባታችንም አልነበረውም።”

አባታችን በፕሮስቴት ካንሰር ነው የሞተው፤ የጂኑ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ጋውቲ ሳህኑን አንስቶ የራሱን ዓሣ ለውሻዋ ሰጣት። “በሰው ነፍስ ትነግጃለሽ” አለኝ። “በራሴ ነው የምነግደው” አልኩት። ከዚያ ተኳረፍን።

ኩርፊያችን ዘጠኝ ቀን ቆየ። እኛ ቤት ኩርፊያ ሲሆን የምንነጋገረው በውሻዋ በቲንና በኩል ነው።

“ቲንና፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ትራክተሩ ዘይት ያፈሳል።”

“ቲንና፣ ለዚያች ሴትዮ አውቃለሁ በያት።”

“ካወቀ ለምን አይሠራውም በይው።”

“አፏን ስትዘጋ ይሠራል በያት።”

ምስኪን ቲንና አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች ጅራቷን ትወዘውዛለች፤ የምናመሰግናት ይመስላታል። በነዚያ ቀናት ድርቆሽ ጠቀለልን፣ ጥቅሎቹን ደረደርን፣ የሚገርመው ሥራው አንድም ቀን አልተስተጓጎለም። ማታ ገላዬን ስታጠብ ግራ ጡቴን በጣቶቼ እፈልጋለሁ። የሚያዝ ነገር የለውም። ቀኙን እፈልጋለሁ፤ እሱም የለውም። በእጅ የማይያዝ ነገር ፈርቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ መንደር ወርጄ መዋኛው ገባሁ። ሙቁ ገንዳ ውስጥ መንደሩ ሁሉ ይገናኛል፤ ከዚያ በፊት ግን ሁሉም ራቁቱን በሳሙና መታጠብ አለበት። የሴቶቹ መታጠቢያ ውስጥ ስቴይኑንን አገኘኋት። ስልሳ ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትመትር ኖራለች፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሁለቱንም አስወግዳለች። ደረቷ ላይ ሁለት ቀጭን መስመር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ፀጉሯን እየታጠበች አየችኝ።

“ታፈጫለሽ።”

“አዎ።”

“እንግዲህ እይው። ወር በገባ ታይኝ የለ።”

“እስከዛሬ አላስተዋልኩትም።”

“እኔም የሌላውን አላስተውልም ነበር” አለችና ሳሙናውን አቀበለችኝ።

ያማል ወይ አልኳት።

“ያሳክካል። የሌለው ነገር ያሳክካል፣ ልታኪው እጅሽን ትልኪና አየር ታኪያለሽ። ምንም አይደለም የሚሉሽን ደግሞ አትስሚ። ስድስት ሳምንት ማሰሮ አላነሳሁም። ባሌ ድንች መላጥ ተማረ፤ ግማሹን ድንች ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል።”

“ትጸጸቻለሽ?”

“አንዳንድ ማክሰኞ።” ውሃውን ዘጋችው። “ከወንድምሽ ጋር ገበያ ከፍታችኋል አሉ።”

“ማን ነው ያለው?”

“ራሱ ነዋ። ነዳጅ ማደያው ጋ ለሦስት ሰው ነግሯል። እህቴ አብዳለች እያለ ነው።”

“ልጆቹ አያውቁም፣ ስቴይኑን። ሁለት ሴት ልጆች ምንም አያውቁም።”

“እሱስ ሞኝ ነው። አንቺስ? እሱን ለማስፈራራት ብለሽ ብትቆዪ የሚሞተው ማን ነው?”

“እኔ።”

“ስለዚህ ከሱ ትብሻለሽ።” ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። “ነይ ውሃው ይበርዳል” አለች፤ ያ ውሃ በርዶ አያውቅም።

ገንዳው ውስጥ ስለ ዝናብና ስለ ቄሱ አዲስ መኪና ብቻ አወራን። ስቴይኑን አንድ ነገር ከተናገረች አትደግመውም።

በማግስቱ ከጋውቲ ጋር የሜዳውን አጥር ልናጠብቅ ወጣን። በጎቹ ከመውረዳቸው በፊት መጠበቅ አለበት። እሱ ሽቦውን ይስባል፣ እኔ ምሰሶው ላይ እይዛለሁ። ብዙ ምሰሶ በዝምታ ሄድን። ቲንና አልተከተለችንም፣ ስለዚህ በሷ በኩል መናገር አልቻልንም።

“በግንቦት ለጂን ምርመራ የስንት ጠቦት ጆሮ በሳን?” አልኩት በመጨረሻ።

ዞር ብሎ አየኝ። “መቶ ሰማንያ ስድስት።”

“ውጤቱን በቃልህ ታውቀዋለህ።”

“አውቀዋለሁ።” ዝርዝሩ ማቀዝቀዣው ላይ በሦስት ቀለም ተለጥፏል፤ አረንጓዴው የሚቀር፣ ቢጫው የሚታሰብበት፣ ቀዩ ወደ ቄራ የሚሄድ።

“የመቶ ሰማንያ ስድስት በግ ጆሮ በስተህ ልከሃል። የራስህ አንድ ክንድ ነው ያቃተህ?”

“በግ ውጤቷን አታነብም” አለ። “አባቷም አያነብላትም።”

ሽቦውን ደግሞ ሳበው። እኔ ምሰሶውን አጥብቄ ያዝኩ፤ ስናገር እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

“አርና አፍንጫዬን ወስዳለች” አለ። “ስትደውል ሁሌ ትሰድበኛለች። አባዬ፣ ይሄን አፍንጫ ለምን ሰጠኸኝ ትላለች። እስካሁን የሰጠኋቸው አፍንጫ ነው። ሌላ የሰጠኋቸው ነገር ቢኖር አላውቅም። አላውቅም እስካልኩ ድረስ ደግሞ አልሰጠኋቸውም። ገባሽ?”

“ገባኝ።”

“ደደብ ነኝ በይኛ።”

“ደደብ አይደለህም።”

ደደብ ብለው ይቀለው ነበር መሰለኝ። ፒንሳውን ኪሱ ከቶ ሁለት ምሰሶ ዘሎ ሄደ። ደግሞ ተመልሶ የዘለላቸውን ጠበቀ።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ሬይካቪክ ደወልኩ። የመስከረሙ ቦታ እንዳለ ነው? አለ አሉኝ። መጣሁ አልኩ። ድርድሩን የተውኩት ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ደከመኝ። በሁለት ሰው ፍርሃት መነገድ ጉልበት ይጠይቃል፤ የኔ አልቋል። ደግሞም ብቆይ የምሞተው እኔ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ስቴይኑን ነግራኛለች። ለጋውቲ “እሄዳለሁ” ብቻ አልኩት። “እኔስ?” አለ። “አንተን አልጠየቅኩህም” አልኩት። የተገላገለ አልመሰለም።

ስቴይኑን ነች የወሰደችኝ፤ ጋውቲ ከሰፈሩ ሰው ጋር በፈረስ ተራራ መውጣት ነበረበት። ልንነሳ ስንል በመስኮቱ አንድ ያረጀ የሶፋ ትራስ አቀበለኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ለመመለሻ ነው። የመኪናው ቀበቶ ደረትሽን እንዳይነካ።”

“ማን ነገረህ?”

“ሰው” አለና ወደ ፈረሶቹ ሄደ።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ የምለው የለኝም። ከመተኛቴ በፊት አንዷ ነርስ በሰማያዊ ቀለም ደረቴ ላይ መስመር ስታሰምር፣ እኛም ለቄራ የምትለይ በግ ጀርባ ላይ እንዲህ ነው የምናደርገው አልኳት። ነርሷ ከአንድ የሰሜን እርሻ የመጣች ልጅ ኖራ፣ “እዚህ ግን የምናሰምረው ለምትቀረው ነው” አለችኝ። ነቃሁ፤ ደረቴ በፋሻ ታስሯል፣ ከሁለቱም ጎኔ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ያንጠባጥባል። ማልቀስ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ያን ቀን የተሰማኝ፣ ረጅም መንገድ በእግሬ ሄጄ መጨረሻው ላይ የሚቀመጡበት ነገር የጠፋ ያህል ነው። ለሁለት ቀን ጣሪያውን አየሁ።

በሁለተኛው ቀን ጋውቲ ደወለ። ከበስተኋላው ሰው ይዘፍናል፣ በግ ይጮኻል። ከተራራ የወረዱት በጎች ለየባለቤታቸው የሚለዩበት በረት ጋ ነው።

“ስድስት ጎድለዋል” አለ።

“የትኞቹ?”

“ሁለት እናት፣ አራት ጠቦት። የጎረቤት በረት ውስጥ ሳይሆኑ አይቀርም። ክብደታቸው ጥሩ ነው።”

“ጠጥተሃል?”

“ትንሽ።” ሰዎቹ አንዱን ዘፈን ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። “እንዴት ነው… ያ ነገር?”

“ያ ነገር የለም።”

“እሺ” አለ። “እሺ በቃ።” ግን ስልኩን አልዘጋውም። ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አብረን ሰማን።

ቤት ስመለስ የማልረባ ሰው ሆኜ ነበር። ባልዲ አላነሳም፣ የጋጣ በር አልከፍትም፣ ክንዴን ከትከሻዬ በላይ አላወጣም። መስኮት ጋ ተቀምጬ ጋውቲ በጎቹን ሲያበላ አያለሁ፤ ሁሉንም ስህተት ይሠራል። በመስኮቱ እጮሃለሁ፣ ያልሰማ ይመስላል። ሱሪዬን ተቀምጬ ነው የምለብሰው። ሸሚዜ ደረቴ ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሹራቤ ሁሉ ሰፍቶኛል። መስታወት ፊት አንዴ ቆሜያለሁ። አባቴን መሰልኩ። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ብቻ ነው የማየው።

በሦስተኛው ሳምንት ፍሬይዲስ ደወለች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጋውቲ ምድጃው ጋ ቆሞ የሥጋ ሾርባ እያማሰለ ነበር።

“የተወሰደውን ሁሉ መርምረውታል” አለች። “ግራው እንዳሰብነው ነው። አጥር አልዘለለም፣ በቃልሽ ልናገርና። ሌላ ሕክምና አያስፈልግሽም።”

“ጥሩ።”

“ቀኙ ግን…” ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። “ቀኙም ላይ ሦስት ቦታ ተገኝቷል። አንዱ ቦታ ከግራው የባሰ ነበር። ከዓመት በፊት የጀመረ ሳይሆን አይቀርም።”

“ቀኙ ላይ ምንም የለም ብላችሁኝ ነበር።”

“አዎ። በምስሉ ምንም አልታየም። በጣም ትንሽ ነው፣ ሄርዲስ፣ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም። አሁን ግን ወጥቷል።”

አመሰገንኳትና ዘጋሁት። ጋውቲ ማማሰሉን አቁሟል፤ ማማሰያው ከእጁ አልወረደም።

“ምን አለች?”

“ነበረው አለች። ቀኙ።”

“ጤነኛው?”

“ጤነኛው። ሦስት ቦታ።”

“ራጁ አላየውም?”

“አላየውም። ቱቦውም አላየውም። በእጄም ፈልጌዋለሁ፣ አልተያዘም።”

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሾርባው መገንፈል ጀመረ፤ ልነሳ ስል በእጁ ተቀመጪ አለኝና ራሱ አጠፋው። እንደገና ተቀመጠ። ማማሰያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“አርና ከሥራ የምትወጣው ስንት ሰዓት ነው?” አለ።

“እዚያ አሁን መሽቷል። ቤቷ ናት።”

ስልኩን አነሳ። እወጣለሁ ብዬ ነበር፣ ዓይኑ ግን አትውጪ አለኝ። ስለ ዝናቡ ነገራት። ስለ ጠቦቶቹ ክብደት፣ ስለ ስድስቱ የጠፉ በጎች፣ አምስቱ እንደተገኙ፣ ስለ ቄሱ መኪና። አሥር ደቂቃ ይሆናል። ስለ እኔ ስትጠይቀው ደህና ናት፣ ትጮህብኛለች አላት። የልጅቷ ሳቅ ለኔም ተሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

“አርና፣ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ልሰጥ ነው። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ነበር ልነግርሽ የሚገባው።”

ከወዲያ ማዶ “አባዬ፣ አሞሃል?” የሚል ሰማሁ።

“እኔ አይደለሁም። እኔን አይደለም የሚያመው፤ ችግሩ እሱ ነው” አለና ነገራት። እየተሰባበረ፣ እየተመለሰ፣ የአያታችንን ዕድሜ ሁለቴ እየተሳሳተ ነገራት። አላረምኩትም።

ሐሙስ አልሄደም። መንገዱ ያንሸራትታል አለ። የሚቀጥለው ሐሙስ ሄደ፤ ክንዱ ላይ ያለውን ፕላስተር ሁለት ቀን አላነሳውም። ውጤቱ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ብለውታል፣ ይህን የምጽፈው አራተኛው ሳምንት ላይ ነው። በነጋ ቁጥር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አይቶ ይመልሰዋል። አርና ውጤቱን አልጠበቀችም፤ እዚያው ራሷ ሄዳ ደም ሰጥታለች። አባቷን ሦስት ቀን አላናገረችውም፣ በአራተኛው ደውላ ስለ በጎቹ ጠየቀችው። ሎዋ ግን ነገሩ ሲነገራት ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብላለች። ሰጥተናታል።